የመምህሩ «የተሸለሙ» መደርደሪያ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የአሜሪካ ልቦለድ መከራየት

ደብረ ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ ልቦለድ የሚያከራይ ቤት አለ ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። አለ። ከፊት ደብተር፣ እስክሪብቶና የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ለገባ ከኋላ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። «ሰው ከበዛ ማን ይመልስልኛል?» ብለው ስማቸውንም የቤቱን ስምም እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ መምህር እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው። የፈለጋቸው ጠይቆ አያጣቸውም።

ዋጋውን ላስቀድም። ኪራይ በሳምንት 20 ብር፣ መያዣ 200 ብር። ከ500 ገጽ በላይ ለሆነ መጽሐፍ ሁለተኛውን ሳምንት አያስከፍሉም። ገጽ የገነጠለ፣ ቡና ያፈሰሰበት፣ በእስክሪብቶ ያሰመረበት መያዣው ይቀራል። በእርሳስ ማስመር ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ከእኔ በፊት ያነበቡ ሰዎች በኅዳጉ ላይ የጻፉት ክርክር አንዳንዴ ከመጽሐፉ ይጥማል።

ልገመግም የፈለግኩት ግን ቤቱን ሁሉ ሳይሆን በግራ በኩል ያለውን አንድ መደርደሪያ ነው። ካርቶን ላይ በቀይ «የተሸለሙ» ተብሎ ተጽፎበታል። መምህር እዚህ ላይ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ የአሜሪካ ልቦለዶችን፣ ከእነሱ ጋር ናሽናል ቡክ አዋርድ የሚባለውን ያገኙ ጥቂቶችን፣ በአሥር በአሥር ዓመት ከፋፍለው ደርድረዋል። አሮጌዎቹ ከሰላም ጓድ አስተማሪዎች የተረፉ ናቸው፤ መካከለኞቹን አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ገዝተዋቸዋል፤ አዲሶቹን ውጭ አገር ያሉ የድሮ ተማሪዎቻቸው ይልካሉ። መንገድ ሲዘጋጋ የታችኛው ረድፍ ባለበት ይቆማል። (የሽልማቶቹን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።)

እኔ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። የምሠራው የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው ይዞታ፣ ወሰን፣ ውርስና ስጦታ ነው፤ ማታ መጽሐፍ ስይዝም ዓይኔ ያንኑ ይፈልጋል። ስለዚህ ምክሬ ከወዲሁ ይኸው፦ ይህን መደርደሪያ በመሬት በኩል ግቡበት። ስለ ባሕር፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ከተማ ሰው ትዳር የተሸለሙትም አሉ፤ እነሱ ይደርሳሉ። ለጎጃም ሰው በሩ መሬት ነው።

የላይኛው ረድፍ የሳሳ ነው። ሽልማቱ የተጀመረው ጆሴፍ ፑሊትዘር የተባለው ጋዜጣ አሳታሚ ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተናዘዘው ገንዘብ ሲሆን፣ ለልቦለድ መጀመሪያ የተሰጠው በ1918 ለኧርነስት ፑል «ሂዝ ፋሚሊ» ነው። የዚያን ጊዜው ደንብ የሚሻው የአሜሪካን ሕይወት ጤናማ መንፈስና የሕዝቡን ጨዋነት ከፍ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ ነበር፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን እንዲታይ እንጂ ጓዳው እንዲከፈት አይፈለግም። ሲንክሌር ሉዊስ በ1926 «አሮውስሚዝ» ሲሸለምለት ይህንኑ ደንብ ነቅፎ አልቀበልም አለ። ገንዘቡ 1,000 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቀላል አይደለም። ከ«አሮውስሚዝ» ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1925 የታተመው «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ግን ምንም አላገኘም። መምህር ሆን ብለው ከተሸለሙት መሐል ሰክተውታል፤ «ካች-22»ንም እንዲሁ። «መምህር፣ እነዚህ እኮ አልተሸለሙም» ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ሸልሜያቸዋለሁ» አሉኝ። አዲስ አንባቢ እንዳይሳሳት ካርቶኑ ላይ ቢያመለክቱት ጥሩ ነበር።

ከዚህ ረድፍ አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል በ1921 የተሸለመውን የኢዲት ዋርተንን «ዘ ኤጅ ኦቭ ኢኖሰንስ» እላለሁ፤ የልቦለድ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በ1870ዎቹ የኒው ዮርክ ባለጸጎች አንድን ሰው ከሚወዳት ሴት የሚለዩት ሳይቆጡ፣ ሳይናገሩ፣ ራት እየጋበዙ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የዘርና የማዕረግ ነገር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ግን ቢያንስ ይጮኻሉ።

የቤቱ ጌጥ የሠላሳዎቹ ረድፍ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1932 የተሸለመው የፐርል በክ «ዘ ጉድ ኧርዝ» የሚናገረው ስለ አሜሪካ ሳይሆን ስለ ቻይና ገበሬ ነው። ጸሐፊዋ ቻይና ውስጥ ያደገች የአሜሪካ ሚስዮናውያን ልጅ ናት፤ በ1938 ኖቤልንም አግኝታለች። ዋንግ ሉንግ ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደቡብ ይሰደዳል፤ ሚስቱና ልጆቹ ይለምናሉ፣ እሱ ሪክሾ ይጎትታል፤ የቤቱን ዕቃ ሸጧል፣ መሬቱን ግን አልሸጠም። በስተርጅናው ልጆቹ መሬቱን ስለ መሸጥ ሲንሾካሾኩ ይሰማና ያለቅሳል። «አንሸጥም፣ አባታችን» ይሉታል፤ ከራሱ በላይ ደግሞ ተያይተው ፈገግ ይላሉ። በእኛ ሕግ መሬት አይሸጥም፤ ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ይከራያል። ያን ፈገግታ ግን ከጠረጴዛዬ ማዶ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርማሉ፣ ከኋላቸው የቆሙት ወንድማማቾች ይተያያሉ።

ከጎኑ የጆን ስታይንቤክ «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» አለ፤ በ1939 ታትሞ በ1940 ተሸለመ። ኦክላሆማ ውስጥ አቧራ ያነቀው፣ ዕዳ የበላው የጆድ ቤተሰብ ከእርሻው ተነቅሎ ሥራ አለ በተባለባት በካሊፎርኒያ መንገድ ይወጣል። ትራክተር ነጂው ቤት ሊያፈርስ ሲመጣ ያለው ክርክር ነው እኔን የያዘኝ። ነጂው የጎረቤት ልጅ ነው፣ በቀን 3 ዶላር ይከፈለዋል። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ማንን ልግደል ይላል፤ ነጂው እኔን ብትገድል ሌላ ይመጣል፣ ያዘዘኝ ባንኩ ነው፣ ባንኩን ደግሞ ከምሥራቅ ያዝዙታል ይለዋል። የሚተኮስበት ሰው ጠፋ።

ይህን ሳነብ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም አመፅ ነው ትዝ ያለኝ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣና ቢቸና የተነሡት በብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ደግሞ ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበረበት። የእኛ ሰው ግን የሚመጣበትን ያውቀው ነበር። ለኪው ፊት ነበረው፣ ገዥው ስም ነበራቸው፤ በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። የኦክላሆማው ጭሰኛ ይህን ዕድል አላገኘም። እንግሊዝኛው የገጠር ንግግር ስለሆነ ያስቸግራል፤ መምህርን ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ፣ ሻይም ያስመጣሉ።

ሦስተኛው የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው፣ የ1937 ተሸላሚ። ይህን በእንግሊዝኛ ለመከራየት አትቸኩሉ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉሞት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳትሞታል፤ መምህር ዘንድ አንድ ቅጂ አለ። ከፊት ጠረጴዛቸው ሥር ያስቀምጡታል፣ ሲጠየቁም ፊታቸው ይጠቁራል፣ ግን ይሰጣሉ። የጥጥ እርሻ ባለቤት የሆነው አባትየው ለልጁ ለስካርሌት ከመሬት በቀር ዘላቂ ነገር የለም የሚላት ቦታ ላይ አንዱ አንባቢ በእርሳስ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ብሎ ጽፎበታል። ሚስት ለሆነችው ለእኔ ነገሩ እንዲህ አያስቅም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከማሳ ጋር ተቆጥሬያለሁ። መጽሐፉ ራሱም እንደዚያው ነው። ያን ጥጥ ማን እንደለቀመው በሰፊው አይነግራችሁም፤ ባሪያዎቹ ጌቶቻቸውን የሚወዱ ታማኞች ተደርገው ነው የተሣሉት። ሠላሳዎቹ ይህን ሸለሙ፣ ሕዝቡም በገፍ ገዛው።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ ቅደም ተከተሉን ተዉትና ወደ ሰማንያዎቹ ዝለሉ። የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» በ1988 ተሸልሟል። መነሻው በ1856 ከኬንታኪ ወደ ኦሃዮ ሸሽታ ልትያዝ ስትል ልጇን የገደለችው የማርጋሬት ጋርነር እውነተኛ ታሪክ ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ጊዜው ይመላለሳል፣ ማን እንደሚናገርም ቶሎ አይለይም። ቀጥሎ የ2004ቱን የኤድዋርድ ፒ. ጆንስን «ዘ ኖውን ዎርልድ» ያዙ፤ ራሱ ከባርነት ወጥቶ ባሪያ የገዛ ጥቁር የእርሻ ጌታ ነው ታሪኩ። ሳሎኑ ተትቶ ጓዳው የተሸለመበት ዘመን ይህ ነው። በመካከሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ግን ገና ነን። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከጉሙዝ ቆላ እየተያዙ ወደ ደጋው ስለመጡት ሰዎች የጎጃም ሽማግሌ ሲያወራ የሰማ ካለ እድለኛ ነው። እኔ ያነበብኩት ልቦለድ የለም፤ ተጽፎ ከሆነ መምህር ቤት አልደረሰም።

አርባዎቹና ሃምሳዎቹ ጦርነት ናቸው፤ ጣሊያን፣ ፓስፊክ፣ መርከብ። ቶሎ አለፍኳቸው። የኧርነስት ሄሚንግዌይ «ዚ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ» በ1953 የተሸለመው እንደ ካሳ ይመስለኛል። በ1941 የሽልማቱ ቦርድ የሄሚንግዌይን የስፔን ጦርነት መጽሐፍ ፈልጎ ሳለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ተቃወመ፣ በዚያ ዓመትም ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። የዊልያም ፎክነርም እንዲሁ፤ ትልልቆቹ ሥራዎቹ ታልፈው በ1955 በ«ኤ ፌብል» ተሸለመ። ያን መጽሐፍ ከመካከሉ መለስኩት፤ መምህርም ገንዘቤን አልመለሱም። በዚያው በ1953 ናሽናል ቡክ አዋርድ ያገኘው የራልፍ ኤሊሰን «ኢንቪዚብል ማን» ግን ከሃምሳዎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል።

«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የ1961 ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለሚሻሙት ሁልጊዜ ወጥቷል። ካጣችሁት አትዘኑ። በምትኩ የ1969ኙን የኤን. ስኮት ሞማዴይን «ሃውስ ሜድ ኦቭ ዶውን» ጠይቁ፤ ማንም ስለማይነካው አቧራ ለብሷል። ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ፑሊትዘርን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከጦርነት የተመለሰ ወጣት በገዛ መንደሩ እንግዳ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቀበሌ የለንም።

ሰባዎቹ ብዙ ክፍት ቦታ አላቸው፤ የመምህር ጥፋት ግን አይደለም። በ1971፣ በ1974 እና በ1977 ሽልማቱ ለማንም አልተሰጠም። በ1974 ሦስቱም የልቦለድ ዳኞች የቶማስ ፒንቸንን «ግራቪቲስ ሬይንቦው» ቢመርጡም የበላዩ ቦርድ አልተቀበለውም። መምህር በእነዚህ ዓመቶች ቦታ ባዶ የብስኩት ካርቶን አስገብተዋል። ወድጄላቸዋለሁ።

ከመደርደሪያው ሁሉ አንድ ብቻ ታነባላችሁ ቢባል ግን የ1992ቱን የጄን ስማይሊን «ኤ ታውዘንድ ኤከርስ» አንብቡ። ሼክስፒር ስለ ንጉሥ ሊር የጻፈውን አይዋ ወደሚባል የገበሬ ክፍለ አገር አምጥታዋለች። ላሪ ኩክ ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ አንድ ቀን ድግስ ላይ ተነስቶ መሬቴን በኩባንያ ስም አድርጌ ለእናንተ ላከፋፍል ነው ይላል። ትንሿ፣ ጠበቃዋ፣ ትጠራጠራለች፤ በዚያው ከውርሱ ትወጣለች። ሁለቱ ይቀበላሉ። ከዚያ አባትየው ይጸጸታል፣ ይሰክራል፣ ይራገማል፣ ክስ ይመጣል።

የእኔ ቢሮ ይኸው ነው። በስጦታ ያስተላለፈ አባት «ይሻርልኝ» ብሎ ይመጣል፤ ጧሪ ሆና የተቀበለችው ልጅ «ጦሬአለሁ» ትላለች፤ የ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ድርሻዬ ይላል። ፋይሉ ላይ የምንጽፈው ጥማዱንና አዋሳኙን ብቻ ነው። ስማይሊ የጻፈችው ፋይሉ ላይ የማይሰፍረውን ነው፤ ትልልቆቹ ሴት ልጆች በልጅነታቸው በዚያ ቤት ምን እንደደረሰባቸው፣ ማዳበሪያና መድኃኒት የገባበት የጉድጓድ ውኃ አካላቸውን ምን እንዳደረገው። ሼክስፒር ክፉ ያላቸውን ሁለቱን እኅቶች እዚህ ሌላ ሰው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዱ ገጽ ለልብ አይመችም፤ ልጅ ላላቸው አስቀድሜ እናገራለሁ። መጽሐፉን ስመልስ መምህር «እህ?» አሉኝ። «መምህር፣ ለቢሮው አንድ ይግዙልን» አልኳቸው። ሳቁ፤ መያዣዬን ግን ቆጥረው ነው የሰጡኝ።

አይዋ ከሆነ አይቀር የማሪሊን ሮቢንሰን «ጊሊያድ»ም አለ፣ የ2005። የ76 ዓመት ቄስ ሞቱ ሲቀርብ ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጁ የሚተወው ረጅም ደብዳቤ ነው። ምንም አይፈጠርበትም፤ አንድ ወጣት ተከራይ ኅዳጉ ላይ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጽፏል። ስብከት የሚወድ፣ ሰዓታት ሲቆም ያደገ ሰው ይስማማዋል። የእኛው የጎጃሙ አቤ ጉበኛም በ1970ዎቹ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ከመላው ዓለም ደራስያንን ከሚጋብዘው ፕሮግራም ተካፋይ ነበር። ይህን መምህር ናቸው የነገሩኝ፤ ከ«ጊሊያድ» ጎን የአቤን አንድ መጽሐፍ ያስቀመጡትም ለዚህ ነው።

አዲሱ ረድፍ እየሞላ ነው። የኮልሰን ኋይትሄድ ሁለቱም የተሸለሙ ልቦለዶች አሉ፣ የ2017 እና የ2020። የሪቻርድ ፓወርስ «ዚ ኦቨርስቶሪ» (2019) ስለ ዛፍና ዛፍ እንዳይቆረጥ ስለሚታገሉ ሰዎች ነው፤ ረዝሟል፣ ግማሹ ቢቀር አይጎዳም። ቢሆንም የጎጃም ደኖች ከየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ማለቃቸውን፣ የቀረው ቦታ ባሕር ዛፍ መሆኑን የሚያይ ሰው የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ያንብብ። በ2023 ሽልማቱ ለሁለት ነው የተከፈለው፤ ከሁለቱ መምህር ጋር ያለው የባርባራ ኪንግሶልቨር «ዲመን ኮፐርሄድ» ነው፣ በቨርጂኒያ ተራሮች የሕመም ማስታገሻ ሱስ ስለጨረሰው ትውልድ። ልጁ ራሱ ነው የሚተርከው፤ ምላሱ ስለታም ነው፣ ያስቃል።

ጉድለቱ ይህ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ነው የሚፈለገው። የመጻሕፍት ዝርዝር በወረቀት የለም፣ መምህር ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ እሳቸው ለቅሶ ከሄዱ ሱቁን የምትጠብቀው ልጅ የምታውቀው የደብተር ዋጋ ብቻ ነው። «ዘ ከለር ፐርፕል» ተከራይቶ አልተመለሰም፤ በ1983 የልቦለድ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የአሊስ ዎከር መጽሐፍ ከእንዲህ ያለ መደርደሪያ መጥፋት የለበትም፤ ያለው ሰው ቢሰጣቸው ኪራይ ይቀንሱለታል። «ሎንሰም ዶቭ»ን የሚወስድ ደግሞ ከገጽ 300 አካባቢ የላላ ገጽ ስላለ ከሱቅ ሳይወጣ ይቁጠር። ከብት ከቴክሳስ እስከ ሞንታና ሲነዳ ነው፤ ሹፌሮች ይወዱታል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ በትልልቅ በዓላትም የለም። የ2025ቱ ተሸላሚ የፐርሲቫል ኤቨረት «ጄምስ» አንድ ቅጂ መንገድ ላይ ነው ብለዋል። ወረፋው ከፊት ጠረጴዛ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ይመዘገባል፤ በስልክ አይቀበሉም።